በጥቂት ገንዘብ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ስለ መግዛት

ከፍኖተ ሰላም ከተማ አንዲት እመቤት ደብዳቤ ጽፈውልናል። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸውም ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሽንዲ መመላለስ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም ዓባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። አሁን የዕቁቡ ዕጣ ስለ ወጣላቸው፣ በዚሁ ገንዘብ አሮጌም ቢሆን ትልቅ የሩቅ መንገድ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ቆርጠዋል። ገንዘቡ ግን ለልጃቸው ትምህርት የታሰበ ነበረና፣ እመቤቲቱ «ብረት ሆኖ በደጃችን ዝጎ እንዳይቀር እፈራለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እመቤቴ ሆይ፤ ፍርሀትዎ የተገባ ነው። እኔም በጕልማሳነቴ እንዲሁ ያለ ነገር ገዝቼ ነበር። ሻጩ እኔ ሳልደርስ ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ባንድ ምትም ተነሣ። እኔም ደስ ብሎኝ ገንዘቡን ቈጥሬ ሰጠሁ። በማግሥቱ ጧት ሞተሩ በርዶ ሳለ እግሬ እስኪዝል ብመታው አልነሣ አለ። ሠራተኛ ቢከፍተው ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ጭሮ ጨርሶታል። ለማሠሪያው ባለቤቴ የአንገቷን ወርቅ አውጥታ ሰጠችኝ። ወርቁን እስከ ዛሬ አልተካሁላትም፤ እርሷም እስከ ዛሬ አላነሣችብኝም። ከዕዳው ይልቅ ዝምታዋ ይከብደኛል።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ እንደዚህ አይሞኙም ነበር። አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፤ ኮርቻዋን አውርደው ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ቁልቁለትም ያስኬዷታል። የቆሰለ ጀርባ ባማረ ግላስ ተሸፍኖ እንደሚሸጥ ያውቃሉና። የአሮጌ ሞተር ብስክሌትም ምርመራ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ በርዶ መገኘት አለበት። በመዳፍ ሲነኩት ሙቀት ካለው፣ ሻጩ የሚሰውረው ነገር ሊኖር ይችላል። በርዶ ሳለ ሲያስነሡት በማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይትን ከቤንዚን ጋራ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ጥቂት ቢጨስ አያስደነግጥም። የእርሱ አደጋ ይልቁንም ዘይቱ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ይጣበቃል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አይመኑት፤ ገመዱን ነቅሎ መንዳት ቀላል ነውና። ከእርሱ ይልቅ የእግር መርገጫው ላስቲክና የማርሽ መምቻው ምን ያህል እንደ ተበሉ ቢመለከቱ እውነቱን ያገኛሉ። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ በጣት ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ርቆ ከተነሣ ካቴናውም ጥርሱም ተበልተዋል። ቸርኬውን ወደ ጎን ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ 2318 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚታደስ ነው። መሪው ከሻንሲው በሚጋጠምበት አንገት ላይ አዲስ ብየዳ ወይም ድንገተኛ አዲስ ቀለም ቢያዩ ግን ዋጋው ቢረክስም ትተው ይሂዱ።

ስለ ትልቅነቱ ከባለቤትዎ ጋራ አልስማማም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ፣ አየሩ ሳስቶ ማናቸውም ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ብስክሌት በክረምት በወምበርማ ቀይ ጭቃ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ከለንደን ተነሥቶ አራት ዓመት ዓለምን ሲዞር በአገራችንም አልፏል፤ የተቀመጠባትም ትራያምፍ 500 ሲሲ ብቻ ነበረች። ለባለቤትዎ ሥራ ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያለው፣ ካንዴላውና የፍሪሲዮን ሸራው በቅርብ ከተማ የሚገኝ፣ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር በማርሽ እምብዛም ስለማይገታ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግልም መያዙን ያቆማል። ስለዚህ ለዓባይ በረሃ ባለ አራት ምቱን እመርጣለሁ።

የወረቀቱም ነገር ከብረቱ አያንስም። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ የተፋቀ ወይም እንደ ገና የተመታ ከሆነ አይንኩት። በውጭ አገር ተጓዦች እጅ የመጣ ወይም በርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ አይዛወርም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ ስለ ሆነ በኋላ ክርክር የለም። ውሉም በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም እንጂ በቡና ቤት አይሁን። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አድርጓል፤ ይህ መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው እንጂ የራስዎን ንብረት እንዳልሆነ ይወቁ። ደግሞም ሞተር ብስክሌት የሚከለከልበት ጊዜና ስፍራ አለ፤ በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ታግዶ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ስለዚህ በዞኑም በወረዳውም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ፤ የልጅዎን ድርሻ አስቀድመው ለይተው በባንክ ያኑሩ። ከቀረው ከዐሥር እጅ ሦስቱን ለጥገና፣ ለስም ማዛወሪያና ለራስ ቍር ያስቀሩ፤ መግዣው ሰባቱ እጅ ብቻ ነው። በሰባቱ እጅ የሚገዛ ባይገኝ ቀጣዩን ወር መጠበቅ ነው። የራስ ቍሩን ነገር ባለቤትዎ ቀላል አድርገው ቢያዩት፣ ሐኪሞች ያደረጉት ምርመራ በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በመቶ 42፣ የራስ ጉዳትን በመቶ 69 እንደሚቀንስ ማሳየቱን ይንገሯቸው። ልጅ ከኋላ የሚቀመጥ ከሆነም ሁለተኛ ይገዛ።

ለግዥው ባለቤትዎን ብቻቸውን አይስደዱ። ሻጩን ቀን ሳይነግሩ በማለዳ አብረው ይሂዱና መዳፍዎን እርስዎ ራስዎ በሞተሩ ላይ ያኑሩ። ሞቆ ካገኙት «ነገ እንመለሳለን» ብለው ሻይ ሳይጠጡ ይመለሱ።