መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የትኛው ሃርድ ዲስክ?

በአርሲ ነገሌ የፎቶ ቤት ባለቤት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ ወይም የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለሚይዘው መጠን ቢሆንም፣ ከሁለቱም ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ዲስኩ ኃይሉን ከየት ያገኛል የሚለው ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተር ውጭ ሆኖ በገመድ የሚገናኝ የመረጃ ማከማቻ ሲሆን፣ በገበያ ላይ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ የያዘና መረጃውንም ኃይሉንም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ የሚቀበል ነው። ሁለተኛው ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የያዘ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥና የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12 ቮልት በሚቀይር የራሱ አዳፕተር የሚሠራ ነው። የዚህ ዓምድ አቋም መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ለዕለት ሥራ የሚበጀው የመጀመሪያው መሆኑን፣ ከዚያም በላይ አንድ ትልቅ ዲስክ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ መግዛት እንደሚሻል ማስረዳት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የዲስኩን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ፤ መረጃውን የሚጽፈውና የሚያነበው ጭንቅላትም ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ በሚያንስ ከፍታ ላይ ተንሳፍፎ ይሠራል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ዘመናዊ ዲስክ ከሳህኖቹ መሽከርከር በተረፈው ጉልበት ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መብራት መጥፋቱ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ዲስኩን አይሰብረውም። ጉዳቱ የሚያመዝነው በፋይሉ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ "ተጽፏል" ያለው መረጃ ለጥቂት ጊዜ በጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚያች ቅጽበት ኃይል ከጠፋ ፋይሉ ጎደሎ ይሆናል፤ የፋይሎቹ ማውጫ እየታደሰ ከነበረ ደግሞ ዲስኩ በሙሉ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ዲስኩ የተሰናዳበት ሥርዓትም ልዩነት ያመጣል፤ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት የማውጫውን ለውጥ አስቀድሞ መዝግቦ ስለሚይዝ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ራሱን ያቃናል፣ ኤክስፋት የተባለው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም።

በዚህ ላይ የአገሩ ሁኔታ ይጨመራል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 መመረቁ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጅጉ ያሳደገ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና የመነጨውን ኃይል በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር አሳልፎ ሳይቆራረጥ እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ስለሆኑ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሠራ ባለሙያ ዕቃውን የሚመርጠው መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስቦ ነው። ባለ አዳፕተሩ ዲስክ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቶ ፋይል ሲገለበጥ መብራት ቢሄድ፣ ላፕቶፑ በባትሪው መሥራቱን ሲቀጥል ዲስኩ ብቻ በጽሕፈት መሐል ይጠፋል። በዩኤስቢ የሚመገበው ዲስክ ግን የላፕቶፑን ባትሪ ስለሚጋራ፣ ባለሙያው ፋይሉን ጨርሶ ዲስኩን በሥርዓት ለመንቀል ጊዜ ያገኛል። የላፕቶፑ ባትሪ ያለ ተጨማሪ ወጪ የመጠባበቂያ ኃይል ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

የትልቁ ዲስክ ደጋፊዎች በፍጥነቱና በመጠኑ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም መሠረት አለው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት በሚቀርጽ ካሜራ የተነሣ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ በአንድ ሰርግ ሁለት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋ ባይት ይሆናል። ይህን ለመገልበጥ በሰከንድ 120 ሜጋ ባይት የሚጽፍ የኪስ ዲስክ 75 ደቂቃ ሲፈጅበት፣ በሰከንድ 180 ሜጋ ባይት የሚጽፍ የጠረጴዛ ዲስክ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙዎቹ የኪስ ዲስኮች የመረጃ መስመሮችን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ደራርበው ስለሚጽፉ፣ ረጅም ግልበጣ ላይ ከዚህም ሊዘገዩ ይችላሉ። ሆኖም የሃያ አምስት ደቂቃ ትርፍ የሚገኘው መብራቱ እስከ መጨረሻው ከቆየ ብቻ ነው፤ ከተቋረጠ ግን ሥራው እንደገና ይጀመራል፣ በዲስኩ ላይ አስቀድሞ የነበረው የሌላ ሰው ሰርግም አብሮ ለአደጋ ይጋለጣል።

የኪስ ዲስክም የራሱ ድካም አለው። አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከዩኤስቢ 2.0 መሰኪያው የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ዲስኩ ለመነሣት ኃይል አንሶት "ቀጭ፣ ቀጭ" እያለ ሲቀር ባለቤቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ 900 ሚሊ አምፔር ስለሚሰጥ ይህን ችግር በአብዛኛው ያስቀራል። ሰፊውና ቀጭኑ የገመዱ ጫፍ በመሰካትና በመንቀል ብዛት ይላላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዲስኩ እየሠራ ሳለ መውደቁ ነው፤ ጠፍቶ ጭንቅላቱ ካረፈ በኋላ የባጃጁንና የሚኒባሱን ንቅናቄ ይችላል፣ እየተሽከረከረ ከጠረጴዛ ጫፍ ቢወድቅ ግን ጭንቅላቱ ሳህኑን ይፍቀዋል። ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ በመሆኑ ከፍታም ይነካዋል፤ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው አርሲ ነገሌ ይህ ሥጋት አይሆንም፤ ወደ ባሌ ተጉዞ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ግን ግልበጣውን ዝቅ ወዳለ ቦታ እስኪወርድ ቢያቆየው ይመረጣል።

ባለ አዳፕተሩ ዲስክ ተገቢ ቦታ የሚያገኘው ከቦታው በማይነቃነቅበት፣ ብዙ መረጃ በአንድነት በሚቀመጥበትና ዩፒኤስ በተዘጋጀለት ክፍል ነው። ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ በውስጡ ባለው ባትሪ ለተወሰነ ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ሲሆን፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተሩም ዲስኩም በአንድነት ከእርሱ ሊሰኩ ይገባል። አዳፕተሩን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም፤ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ቻርጀሮች መካከል ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የላፕቶፕ 19 ቮልት ቻርጀር 12 ቮልት ለሚፈልገው ዲስክ ቢሰጥ የዲስኩን ቦርድ ሊያቃጥለው ይችላል። በአዳፕተሩ ላይ የዲስኩን ስም ጽፎ መለጠፍ ይህን ጥፋት ያስቀራል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን መረጃው በአንድ ቦታ ብቻ ካለ አያድንም። ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሳይከፈት ቆይቷል፤ መረጃውን በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ጊዜ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በዚያው ሰሞን ከአርሲ ነገሌ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሻሸመኔ ሕንፃዎችና ሱቆች በእሳት ወድመዋል፤ እሳት ደግሞ ኮምፒውተሩን ከዲስኩ፣ ዋናውን ከቅጂው አይለይም። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን ያዛል። የዚህ ደንብ የመጨረሻ ክፍል ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀሰው ትንሽ ዲስክ የተመቸ ነው፤ አንዱ በሥራ ቦታ ሲቆይ ሌላው በዘመድ ቤት ወይም በሌላ ከተማ ሊቀመጥ ይችላል፣ የሚጠይቀውም በየሳምንቱ ወስዶ ማደስን ብቻ ነው።

የፎቶ ቤት ዲስክ የያዘው የባለቤቱን ንብረት ብቻ አይደለም፤ ዳግመኛ የማይደገስ የሰው ሰርግ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ድምፅና ምርቃት፣ የልጆች የልጅነት መልክ በአደራ የተቀመጠበት ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሰርግ ሲያስቀርጽ "ቅጂው ስንት ቦታ ይቀመጣል?" ብሎ መጠየቅ፣ ባለሙያውም የሁለተኛውን ዲስክ ዋጋ በሥራው ሒሳብ ውስጥ በግልጽ ማካተት ይገባቸዋል። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም ዲስክ ሲገዙ ሁለተኛውን ዲስክ በዚያው ግዢ ጠይቀው፣ ቅጂውን የሚይዝና በየወሩ ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ የሚፈትሽ ሠራተኛ በስም ሊመድቡ ይገባል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርምና።