ሞቶ ያልተንሳፈፈው ዓሣ

ዓሣ ሞቶ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሁሉም ይደነግጣል። ባለሙያ ይላካል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ወሬውም ከአስጋሪው መንደር አልፎ ከተማ ይደርሳል። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ሞቶ ያልተንሳፈፈው ነው። ከእንቁላሉ በሕይወት ወጥቶ የሚዋኝ፣ ነገር ግን ልቡ በሚፈጠርበት ሰዓት የተጎዳ ዓሣ ማለቴ ነው። እሱን የሚቆጥር የለም። ከማሳ ታጥቦ ወደ ሐይቅ የሚገባውን የፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ጉዳት የምንለካው በሞት ብቻ ከሆነ፣ ዋናው ጥፋት ሳናየው ያልፋል።

የዓሣ ልብ እንዴት እንደሚፈጠር ከሁሉ በተሻለ ያሳየችን በደቡብ እስያ ውሃዎች የምትኖረው ዜብራፊሽ የተባለች ባለ ሰንበር ትንሽ ዓሣ ናት። ፅንሷ ብርሃን ያሳልፋል፤ ተመራማሪው ምንም ሳይቀድ፣ ምንም ሳይቆርጥ ልቧ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ያያል። እንቁላሉ ከዳበረ 24 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ልብ መምታት ይጀምራል። በዚያን ሰዓት ገና ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። በሁለተኛው ቀን ቱቦው ይታጠፍና ደም የሚቀበለውና ደም የሚገፋው ክፍል ጎን ለጎን ይሆናሉ። የዓሣ ልብ ሁለት ክፍል፣ የእኛ አራት ክፍል ቢኖረውም የሰው ልብም በማኅፀን ሳለ ቱቦ ሆኖ ጀምሮ፣ ታጥፎ ነው ቅርፁን የያዘው። ሥራውን ከሚመሩት ዘረመሎች ብዙዎቹም የጋራ ናቸው። እንግዲህ የልቡ መሠረት የሚጣለው በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ሰዓታቱ ካለፉ ደግሞ አይመለሱም።

ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ስትሮቢሉሪን የሚባሉት፣ እነ አዞክሲስትሮቢንና ፓይራክሎስትሮቢን፣ ፈንገሱን የሚገድሉት በሴሉ ውስጥ ኃይል የሚያመርተውን ማይቶኮንድሪያ ሥራ በማቋረጥ ነው። ማይቶኮንድሪያ ግን የፈንገስ ብቻ አይደለም። ዓሣም አለው፣ እኛም አለን። ዕረፍት የማያውቀው የልብ ጡንቻ ደግሞ ኃይል ሲቋረጥበት ቀድሞ ይጎዳል። ሁለተኛው ወገን ትራያዞል ይባላል፤ የስንዴ ዋግ የሚረጭ ገበሬ የሚያውቃቸው ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ፈንገሱ የሴሉን ሽፋን የሚሠራበት ንጥረ ነገር እንዳይመረት ኢንዛይሙን ያግዳሉ። የዚያ ኢንዛይም አቻ በእንስሳት አካል ውስጥም አለ፤ ኮሌስትሮል በመሥራት ያገለግላል።

የዜብራፊሽ ፅንሶች ለፓይራክሎስትሮቢን፣ እንዲሁም ለትራያዞሎቹ ለዳይፌኖኮናዞልና ለቴቡኮናዞል ተጋልጠው ሲታዩ የሚገኘው ጉዳት ይመሳሰላል። በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ምቱ ይዘገያል፣ መታጠፍ የነበረበት ቱቦ ሳይታጠፍ ተለጥጦ ይቀራል። በቤተ ሙከራ የሚሰጠው መጠን ብዙ ጊዜ በሐይቅ ውሃ ውስጥ ከሚገኘው እንደሚበልጥ አልክድም፤ ይህን ሳይናገሩ ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። ሆኖም ሁሉም ኬሚካል ብዙ መጠን አይፈልግም። በባሌ ወንዞች የምናውቀውን ሬይንቦ ትራውት ብንወስድ፣ በአራት ቀን ውስጥ ግማሹን ለመግደል በሊትር ከ10 ማይክሮግራም ያነሰ ፓይራክሎስትሮቢን ይበቃል። አንድ ግራም በ100 ሺህ ሊትር ውሃ ቢበተን እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

የሚያናድደኝ የመለኪያው ነገር ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያጸደቀው የዓሣ ፅንስ መርዛማነት ምርመራ አራት ምልክቶችን ይመለከታል፤ ከእነዚህ አንዱ የልብ ምት አለመኖር ነው። ጥያቄው ልቡ ይመታል ወይስ አይመታም የሚል ነው። እንዴት ይመታል፣ ቅርፁስ ምን ይመስላል የሚለው መደበኛ ጥያቄ አይደለም። ያበጠና የተለጠጠ ልብም መምታቱን እስካላቆመ ድረስ በሕያውነት ይመዘገባል።

የዚህ ዓይነቱ ዓሣ መጨረሻ ምን እንደሚሆን ከሌላ መርዝ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ባሕር ድፍድፍ ዘይት ካፈሰሰች በኋላ፣ ዘይቱ በዓሣ ፅንስ ልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳይንቲስቶች ለዓመታት አጥንተዋል። በፅንስነታቸው ለአጭር ጊዜ ለጥቂት ዘይት ተጋልጠው የተረፉ ዓሦች ሲያድጉ ሲታዩ ጤነኞች ነበሩ። በኃይል በሚፈስ ውሃ ሲፈተኑ ግን ከእኩዮቻቸው ቀድመው ደከሙ፤ ልባቸውም ሲመረመር ቅርፁ ተለውጦ ተገኘ። ቶሎ የሚደክም ዓሣ ከአዳኙ አያመልጥም፣ ምግቡንም ተሽቀዳድሞ አያገኝም። ሲጠፋም ሬሳው ተንሳፍፎ ስለማይታይ አስጋሪው የሚያየው የመረቡን መቅለል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዝዋይ ልምጣ። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። የገባበት ነገር የሚሰምጥበት ጥልቀት የለውም። የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ መቂ ከጉራጌ ደጋ፣ ካታር ከአርሲ ተራሮች። የካታር ተፋሰስ የስንዴ አገር ነው። ስንዴ በዋግ የሚጠቃውም ሆነ የሚረጨው ከነሐሴ ጀምሮ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ ነው። አምባዛ ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው በክረምት፣ ውሃው ሞልቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ፣ በሣሩና በፊላው ላይ እያጣበቀ ነው። ጎርፉ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያው ዳርቻ ላይ ነው። በሞቀ ውሃ የአምባዛ እንቁላል በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላልና ልቡ የሚሠራበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። አንድ ርጭት፣ ከዚያ አንድ ከባድ ዝናብ፣ ከእነዚያ ሰዓታት ጋር ቢገጣጠሙ ይበቃል። ቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ከጠላት ትጠብቃለች፤ ውሃው ራሱ ከተበከለ ግን መሸሸጊያው አያድንም።

በሐይቁ ዙሪያ ያለው ርጭት ወቅትም የለውም። ቲማቲምና ሽንኩርት ከሐይቁ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይለማሉ፤ አበባው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያድጋል። ማንኮዜብና ሪዶሚል የአትክልት አምራቹ የዘወትር መድኃኒቶች ናቸው። ሁለት ሦስት ኬሚካል በአንድ መርጫ መበጥበጥ፣ መርጫውንም ከውሃው ዳር ማጠብ የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የማንኮዜብን ፈቃድ አላድስም ያለው መራባትን ስለሚጎዳና የሆርሞን ሥርዓትን ስለሚያውክ ነው። ከዚሁ ሐይቅ የባቱ ከተማ ሕዝብ ይጠጣል፤ በደሴቶቹ ያለው የዘይ ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ ዓሣውን እያሰገረ ኖሮበታል።

ይህን የምጽፈው ገበሬውን ልከስስ አይደለም። በ2002 ክረምትና በ2003 መግቢያ ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ጋለማን የመሳሰሉ የስንዴ ዝርያዎችን እንዴት እንደፈጀ የሚያስታውስ ሰው፣ አትርጩ ለማለት አፉን አይከፍትም። ልጆቹን የሚያበላው ማሳ ዓይኑ እያየ ቢጫ ሲለብስበት ማንም ቢሆን ይረጫል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለገበሬው ሳይሆን ለሚፈቅደውና ለሚመክረው አካል ነው። ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ተደንግጓል። ታዲያ ምዝገባው በእኛ ውሃ፣ በእኛ ዓሣ ፅንስ ላይ ምን እንደሚያደርስ ይጠይቅ። ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የሚወጣ ዋግ የሚቋቋም ዘር ለአርሲ ገበሬ በጊዜ ሲደርስ ርጭቱ ይቀንሳል፤ ለሐይቁ ዓሣም ትርፍ ነውና የዘር በጀት ሲመደብ ይህም ይታሰብ። በዳርቻው ያለው ፊላ ለእርሻ ሲመነጠር ደግሞ ጎርፉን የሚያዘገየው አጥር አብሮ ይሄዳል። መርጫ የሚታጠብበት፣ ከውሃው የራቀ ጉድጓድ ማዘጋጀት ቀበሌ የማይችለው ሥራ አይደለም።

ምርመራውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ባቱ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። አምባዛን በሰው እጅ ማራባት የታወቀ ሙያ ነው፤ ገና የተፈለፈለው ጫጩት አካሉ ስስ ስለሆነ ልቡ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ካታርና መቂ ሐይቁን ከሚቀላቀሉበት ስፍራ ውሃ ይቀዳ። ከተቀዳው ውሃ ግማሹ ለኬሚካል ምርመራ ይላክ፣ በቀረው ውስጥ እንቁላል ይፈልፈል። የጫጩቶቹ የልብ ምት ይቆጠር፣ ቅርፁ ይሳል፣ ፈሳሽ መቋጠሩ ይመዝገብ። ውጤቱም በመሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ለአስጋሪዎቹ ማኅበራትና ለካታር ገበሬዎች በቋንቋቸው ይነገራቸው።