ዋስትናው ሊማሊሞ ድረስ ይምጣ

ደመወዙን አጠራቅሞ፣ ዕቁቡን አንስቶ፣ ከወንድም ከእህት ተበድሮ ትንሽ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የጎንደር ሰው ዛሬ ከውጭ ከሚገቡት አዳዲስ መኪኖች የቀረለት ምርጫ አንድ ነው፤ በኤሌክትሪክ የምትሠራዋ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ጋዜጣችን የዚህን ውሳኔ አቅጣጫ ይደግፋል። የአፈጻጸሙን መንገድ ግን አይቀበልም። ሸክሙ በሙሉ በገዢው ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ከአዲስ አበባ በራቀው ገዢ ላይ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ወድቋል።

ነገሩ የጀመረው ከክልከላው በፊት ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ ጣለ። በአንጻሩ 1,300 ሲሲና ከዚያ በታች የሆነ አዲስ መኪና ይከፍል የነበረውን 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ አወረደለት። ሱዙኪ ዲዛየርና መሰሎቿ የአዲስ አበባን ጎዳና የሞሉት፣ ብዙ ወጣትም በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይዞ ኑሮውን የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው አዲስ መኪና የሚታሰብ ነገር ሆኖ ነበር። ያ በር ክፍት ሆኖ የቆየው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንደማይገባ ለተወካዮች ምክር ቤት አስታወቁ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱ ልትሸከመው ከምትችለው በላይ ሆኗልና ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

ይህ ሁሉ በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ኪስ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው በወር 11,500 ብር ያገኛል። የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርገን ሁለት ሚሊዮን ብር እንበል። ይህ ሠራተኛ ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ ግብርም ሳይከፍል ከ14 ዓመት በላይ ማጠራቀም አለበት። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጅ ይልካል፣ ነጋዴው አጎት ያበድራል፣ ከተቻለም ባንክ ይጨመራል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ከወሰነ ወዲህ፣ ገደቡ በኋላ ቢላላም፣ ለመኪና ብድር የሚጠይቅ ደመወዝተኛ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ገንዘብ የተገዛች መኪና ከተበላሸች የሚከስረው የአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ አገር አይሆንም የሚለውን ወሬ ግን አንቀበልም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የነዳጅ ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ባለችው ጎንደር ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደባርቅ ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል። ፋብሪካው 47 የፈረስ ጉልበት አላት ያለላት ባለ 800 ሲሲ መኪና ደባርቅ ስትደርስ የሚቀራት 35 ያህል ነው። አራት ሰውና ዕቃ ጭና አምባ ጊዮርጊስ ላይ በሁለተኛ ካምቢዮ ስታቃስት ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ፒያሳም ሆነ ዳባት ጉልበቱ አንድ ነው።

የመንዳት ወጪውም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ትንሽ የነዳጅ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስድስት ሊትር ያህል ትፈልጋለች። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷልና ይህ ከ600 ብር በላይ ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ከጥቁር ገበያ ለሚቀዳው ደግሞ ከዚያም በጣም ይበልጣል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። ኪሎ ዋት ሰዓቱን በስድስት ብር ብናስብ እንኳ 80 ብር አይሞላም። ማደያ በር ላይ ሌሊቱን ተሰልፎ ላደረ ሾፌር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? መጀመሪያ ርቀቱ። በርካሽነታቸው ከሚፈለጉት አንዷ፣ ቢዋይዲ ሲጋል፣ በ30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 305፣ በ38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ደግሞ 405 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ በቻይና መለኪያ ተጽፎላታል። ያ መለኪያ ወገራን አያውቅም። በእኛ መንገድ፣ በእኛ ዳገትና በደባርቅ የጧት ብርድ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ማሰብ ብልህነት ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 200። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በአንድ ሙሌት ደርሶ መመለስ የለም። ስለዚህ ትንሹ ባትሪ በከተማው ውስጥ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ለሚመላለስ ሰው ይበቃል፤ ደባርቅ ወይም ዳባት ዘመድ ላለው፣ ለሥራም ከከተማ ለሚወጣ ሰው አይበቃም። በጃናሞራና በበየዳ መንገድ ደግሞ የትኛዋም ትንሽ አውቶሞቢል ቦታ የላትም። በቧሂት ተራራ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚያልፈው የጠጠር መንገድ የሚሻው ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ነው። ይህን የማይናገር ሻጭ እውነተኛ ሻጭ አይደለም።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስለሚወርደው የሊማሊሞ ቁልቁለትም አንድ ነገር እንጨምር፤ ከመኪና ሻጮች አፍ የማይሰማ ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑንም ያሳርፋል። ባትሪው ሞልቶ ከተነሣች ግን የምትጨምርበት ቦታ የላትም፤ ያ የሞተር ፍሬን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፣ ሸክሙም በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ደባርቅ አድሮ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ መነሣት የለበትም፤ ሰማንያ ላይ ያቁመው። ይህን ምክር የሚሰጥ ባለሙያ በከተማችን ሊኖር ይገባል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ እጅ የመጡ ናቸው። ስክሪናቸው ቻይንኛ ይናገራል፤ የመሙያ ሶኬታቸው የቻይና ጂቢ/ቲ ነው፤ ፋብሪካው በቻይና የሰጠው ዋስትና እዚህ አይጸናም። ሕጋዊ ወኪል ያላቸውም ቢሆኑ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ የባትሪ ዋስትና 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ገዢ ምን ይጠቅመዋል? መንገዱ በጸጥታ ችግር በሚዘጋበት ሳምንት የቆመች መኪናን በጭነት መኪና ወደ መዲናዋ መላክ አይቻልም፤ በሚከፈትበትም ሳምንት ኪራዩ የሰውየውን የወራት ደመወዝ ይበላል። የነዳጅ መኪና ብትሆን ሰፈር ያለው ጋራዥ ይበታትናታል፣ መለዋወጫው ቢጠፋ ከሌላ ይገጥሙላታል። ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪን ግን ያልሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም፤ ሕይወትን ያጠፋል።

ፋብሪካውስ ራሱ ይቆያል ወይ? ሆላንድ ካር ዓባይና አዋሽ በሚባሉ የወንዞቻችን ስሞች የሚጠሩ መኪኖች ሲገጣጥም ብዙዎቻችን ኮርተን ነበር፤ ኩባንያው ግን አሥር ዓመት ሳይደፍን ፈረሰ። ዱከም ላይ ሲገጣጠም የነበረው ሊፋንም ቻይና ያለው እናት ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. በኪሳራ ምክንያት በፍርድ ቤት በኩል እንደገና ተደራጅቷል። ኔታ የተባሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ያመርት የነበረው ሆዞን በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ ኪሳራ ሂደት ገብቷል። የነዳጅ መኪና ፋብሪካዋ ቢዘጋም በመካኒክ እጅ ትኖራለች። ሶፍትዌሯ ከፋብሪካው ጋር ለተሳሰረ መኪና ግን የፋብሪካው መዘጋት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በዋጋ 200 ሺህ ብር የረከሰችው ስሟ የማይታወቅ መኪና በመጨረሻ የምትረክስ አይመስለንም።

የመብራቱ ጉዳይም አለ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ግን ጎንደር ቤት የሚደርሰው በትራንስፎርመርና በቆጣሪ በኩል ነው። በግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ቤት መኪና ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ጠብ ማስነሣት ነው። በተራ ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ብቻ ይገኛል፣ ትንሹም ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 15 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመካከሉ መብራት ካልጠፋ። ግቢ ያለው ሰው የተለየ መስመር ሊያስገባ ይችላል። የሌለው ግን የሕዝብ መሙያ ጣቢያ የግድ ያስፈልገዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ከፍቷል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ክልከላው ጎንደርንና ደባርቅን ከአዲስ አበባ ለይቶ ስላልማረ፣ አገልግሎቱም ለይቶ ሊያስቀር አይገባም።

ስለዚህ የጋዜጣችን አቋም ግልጽ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስመጪዎች መኪና በሚሸጡበት ክልል የጥገና ማዕከልና የመለዋወጫ ክምችት እንዲኖራቸው የግድ ያድርግ፤ ይህ ከሌለ ፈቃድም አይኑር። የጎንደር ከተማ አስተዳደር የኮሪደር ልማቱን ሲሠራ መንገዱን፣ የእግረኛውን መተላለፊያና መብራቱን እንዳሰበ ሁሉ አዘዞ፣ ፒያሳና ማራኪ ላይ የመሙያ ቦታ ያስብ። አስፋልቱ አንዴ ከተነጠፈ በኋላ ገመድ ለመቅበር መቆፈር ሌላ ወጪ ነው። ደባርቅም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር እንደመሆኗ ቢያንስ አንድ ፈጣን ጣቢያ ይገባታል፤ ጎብኚ ይዞ የሚወጣው ሾፌርም ይጠቀምበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ይሠልጥን። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ዓላማው ሐኪም ወደማይደርስበት ገጠር የሚሄድ የጤና ባለሙያ ማውጣት ነበር፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ያደገውን ነው። ያ ተቋም ዛሬ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች አሉት፤ በከተማዋ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም አለ። ሁለቱ ተባብረው ለአካባቢው ጋራዦች ሠራተኞች የከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ሥልጠና ቢጀምሩ፣ በኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን ርቀት በእውቀት ማሳጠር ይቻላል። እንደ ጸደይ ባንክ ያሉ ከክልሉ የበቀሉ የገንዘብ ተቋማትም ለእንዲህ ዓይነት ጋራዥ የዕቃ መግዣ ብድር ቢያስቀድሙ ገንዘባቸው አይባክንም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ መኪና የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ታማሚ የሚያመላልስ፣ ሥራው ከቤቱ የራቀ፣ ልጆቹን በባጃጅ መላክ የፈራ። ለእሱ የምንለው ይህ ነው። ለቀለሟና ለስክሪኗ ስፋት አይግዙ። ወለሏ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ በሜትር ይለኩ፤ ባትሪዋ ከሥሯ ስለሆነ 12 እና 13 ሳንቲ ሜትር የሚባለው ለኮብልስቶናችንና ለጎርፍ መውረጃዎቻችን አያስተማምንም። ከከተማ የሚወጡ ከሆነ ከ38 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ባትሪ አይውሰዱ። ሊብሬዋ በስምዎ ሳይዞርና መኪናዋን በዓይንዎ ሳያዩ ለማንም ቅድሚያ ክፍያ አይስጡ፤ በአገራችን በዚህ ስንቱ ተበልቷል። በቤትዎ ቆጣሪ ላይ ችግር ካለ ደግሞ የደህና ሰው እጅ ውስጥ የቆየች ቪትዝ መግዛትዎ አያሳፍርም፤ ዋጋዋ ከክልከላው ወዲህ ቢንርም ሰፈርዎ ያለው መካኒክ ያውቃታል።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ሻጩን ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «መኪናዋ ደባርቅ ላይ ብትቆም ማን መጥቶ ያነሣታል፣ የት ትጠገናለች?» መልሱን በቃል አይቀበሉ። በውሉ ላይ ይጻፍልዎ፤ ካልጻፈ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።