ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍትና ስለሚያገለግሉት ሰዎች

ከጣርማ በር ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መዘዞ ከባሕር ጠረፍ እጅግ የራቀች፣ ሌሊቷ ውርጭ፣ ቀኗ ነፋስ የሆነ የደጋ ከተማ ናትና፣ ከዚህ ተቀምጦ ስለ ሜዲትራንያን ባሕርና በዳርቻው ስለተሠሩት የተድላ ማረፊያዎች መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ስፍራው የተነሣ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ከደጋው ጫፍ ጀምሮ ቍልቍል እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ባለው አገር ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ ቤተ ሰብ ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግምና፣ ከተሸኙትም አያሌዎቹ ኑሯቸው በዚያው በሜዲትራንያን ዳር በቤይሩት ሆኗልና፣ ያ ባሕር ከእኛ ጉዳይ የራቀ ነው ማለት አይቻልም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዕረፍት ክብር ያለው የሚሆነው አገልጋዩም ሲያርፍ፣ ውሃውና ዳርቻውም ለአገሩ ሰው ሁሉ ክፍት ሲሆን ነው፤ እኛም ዛሬ በሐይቆቻችን ዳር የመዝናኛ ሥፍራ ስናንጽ ይህን በሕግም በምግባርም ልናጸናው ይገባናል።

አስቀድሜ አንባቢ እንዳይሳሳት ልግለጽ፤ ተድላን ሁሉ እንደ ኃጢአት የመቍጠር ሐሳብ የለኝም። ዓመቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወይም በንግድ ወይም በእርሻ ሲደክም የኖረ ሰው፣ ማዕበሉ ቀስ ብሎ ከአሸዋው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ በጃንጥላ ሥር ጋደም ብሎ፣ የባሕሩን ነፋስ እየተነፈሰ፣ ልጆቹ በውሃው ዳር ሲጫወቱ እየተመለከተ ጥቂት ቀን ቢያሳልፍ ሥጋው ይታደሳል፣ የተበተነ አእምሮው ይሰበሰባል፣ ከቤተ ሰቡም ጋር ያለው ፍቅር ይጸናል። ንጹሕ አንሶላ፣ በወቅቱ የቀረበ ማዕድ፣ በትሕትና የሚያስተናግድ ሰው ማግኘትም ነውር የለበትም። ሰው ያፈራውን ጸጋ በመጠን ቢደሰትበት ፈጣሪውን ያመሰግንበታል እንጂ አያሳዝንበትም። ጥያቄው የሚነሣው ያ ደስታ በማን ድካም እንደቆመ፣ ያ የሚደክመውም ለራሱ ምን ድርሻ እንዳለው መመርመር በጀመርን ጊዜ ነው።

የሜዲትራንያን ዳርቻ የተድላ ስፍራ የሆነበት ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ዛሬ የፈረንሳይ ከተማ የሆነችው ኒስ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መኳንንትና ባለጸጎች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚከርሙባት ሥፍራ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ክረምት ደርሶ ነዳያን በከተማይቱ በበዙ ጊዜም እነዚሁ እንግሊዞች ገንዘብ አዋጥተው ለድኾቹ ሥራ እንዲሆን በባሕሩ ዳር መንገድ አሠሩ፤ መንገዱም እስከ ዛሬ በእነርሱ ስም ይጠራል። በዚያ ዳርቻ ድንጋይ የሚያነጥፈው ሌላ፣ ባነጠፈው ላይ የሚንሸራሸረው ሌላ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። የፈረንሳይ ሠራተኛ ባሕሩን እንደ እንግዳ ሆኖ ለማየት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1936 ሰኔ ወር፣ በሌዎን ብሉም የሚመራው መንግሥት ደመወዝ የማይቈረጥበት የ15 ቀን የዓመት ዕረፍት በሕግ ባጸናለት ጊዜ ነው። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፋሽስት ወረራ ምክንያት ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭነው በዚሁ በሜዲትራንያን ዳር ባለችው በሃይፋ ወርደው ነበር። ስለዚህ በአንድ ባሕር ዳርቻ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ሕዝብ የዕረፍትን መብት ሲጐናጸፍ የሌላው ሕዝብ ንጉሥ ስደተኛ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ዕረፍት ከነጻነትና ከፍትሕ ተለይቶ የማይቆም ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

በባሕሩ ዙሪያ ያሉ መንግሥታትም ዳርቻው የሕዝብ መሆኑን እየደጋገሙ ደንግገዋል። የስፔን ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 የባሕር ዳርቻን የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት አድርጎ ወስኖታል፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1976 በጠረፉ ላይ ለእግረኛ የሚተው የ3 ሜትር መተላለፊያ እንዲኖር አዘዘች፣ በ1986 ባወጣችው ሕግም የባሕር ዳር አሸዋ ዋና ተግባሩ ያለ ክፍያ ለሕዝብ ማገልገል እንደ ሆነ አረጋገጠች። ሊባኖስም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የክረምት ማዕበል እስከሚደርስበት ድረስ ያለውን ምድር የሕዝብ ርስት የሚያደርግ ድንጋጌ አላት። ሆኖም ሕግ መጻፍና ሕግ መፈጸም የተለያዩ ናቸውና፣ የሊባኖስ ጠረፍ አብዛኛው በግል መዝናኛዎች አጥር ተይዟል፤ በግሪክም እ.ኤ.አ. በ2023 የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች የሚከራዩ ወንበሮችና ጃንጥላዎች አሸዋውን ሞልተው መቀመጫ ቢያሳጧቸው ፎጣቸውን ይዘው በሰልፍ ወጥተዋል። በአገሩ ባሕር ዳር መቀመጥ ልመና የሆነበት ሰው ማዘኑ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በእኛው ልጆች ላይ የደረሰው ነው። ወደ ሊባኖስ በኮንትራት የሄዱት ኢትዮጵያውያት በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የዚያ አገር የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ ስላደረገ፣ ከፋላ የሚባለውም ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ እጅ ጋር ስላሰረው፣ የዕረፍት ቀን ማግኘት አለማግኘቷ በማዳሟ ፈቃድ የተንጠለጠለ ሆኖ ኖሯል። እነዚህ ሴቶች የማዳሞቻቸውን ሕፃናት አዝለው፣ ፎጣና ምግብ ተሸክመው ወደ ባሕር ዳር መዝናኛ ይወርዳሉ፤ ሕፃኑ ሲዋኝ በገንዳው አፋፍ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ራሳቸው ግን ወደ ውሃው እንዳይገቡ ይከለከላሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በአንድ ወቅት 27 የግል የባሕር ዳር መዝናኛዎችን መርምሮ 17ቱ የቤት ሠራተኞችን እንደሚከለክሉ አረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የሊባኖስ ቱሪዝም ሚኒስቴር እንዲህ ያለው አድልዎ እንዲቀር ለመዝናኛዎቹ መመሪያ እስከ መላክ ደርሷል። ሕፃኑን ከመስጠም የሚጠብቁት እጆች የውሃውን ንጽሕና ያሳድፋሉ ተብሎ መገመቱ የሰውን ልጅ የእግዚአብሔር አርአያነት የሚክድ ነውር ነው።

የሜዲትራንያን ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሐዘን ጭምር መሆኑንም መርሳት አይገባም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በባሕሩ ውስጥ ወድቆ የ90 ሰዎች ሕይወት አልፏል፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተገደሉት ወገኖቻችን ዜና ተሰምቶ አገር ሁሉ በልቅሶ ተናውጧል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ አሠሪዎቻቸው በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የጣሏቸው እኅቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው በመንገድ ላይ አድረዋል። የሌላውን ዕረፍት ሲያገለግሉ የኖሩት በደከሙ ጊዜ የሚያርፉበት ጣራ አላገኙም።

ይህን ሁሉ ለመመዘን ከሩቅ አገር ፈላስፋ መበደር አያስፈልገንም። ኦሪት ሰንበትን ስታዝዝ ለቤቱ ጌታ ብቻ አላዘዘችም፤ ለአገልጋዩና ለአገልጋይቱ፣ ለበሬውና ለአህያው፣ በደጁ ላለውም መጻተኛ ጭምር አዘዘች። በዚሁ በሸዋ ምድር፣ በተጉለት በነበረው በደብረ ምጥማቅ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 ጉባኤ ሰብስበው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስደትና መከራ የተቀበሉለትን ነገር አጽንተው፣ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስነዋል። አንድ ሕዝብ ስለ ዕረፍት ቀን ትውልድ ሙሉ ተከራክሮ፣ ሊቃውንቱን ሰብስቦ፣ ሥርዓት ከሠራ፣ ያ ሕዝብ ዕረፍትን ከቅንጦት አልቈጠረውም ማለት ነው። እንግዲህ በአባቶቻችን ፍርድ ብንሄድ፣ ባለጸጋው ተኝቶ አገልጋይቱ የምትባዝንበት ቀን፣ ባሕሩ የቱንም ያህል ሰማያዊ፣ ማዕዱም የቱንም ያህል የሰባ ቢሆን፣ ሰንበት ሊባል አይችልም።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን ላምጣው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሳችን የባሕር ጠረፍ ስለሌለን የባሕርን ተድላ የምንፈልገው በሐይቆቻችን ነው፤ በቢሾፍቱ፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ሪዞርቶች ቆመዋል፤ በ2012 ዓ.ም. በታወጀው የገበታ ለሀገር ዕቅድም ጎርጎራና ወንጪ ተጨምረዋል። አገር እንግዳ ተቀብላ መጠቀሟን፣ ወጣቱም ሥራ ማግኘቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ፣ የሐይቁ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ታጥሮ፣ በዚያ ተወልዶ ያደገው ልጅ የሚዋኝበት፣ እናቱ የምትቀዳበት፣ ከብቱ የሚጠጣበት፣ ሕዝቡ ጥምቀተ ባሕር የሚወርድበት መግቢያ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል፤ በበዓል ቀን ሁሉ እንግዳ የሚበዛበት የመስተንግዶ ሥራ ግን ይህ ሕግ በቀላሉ የሚዘነጋበት ስለሆነ ተቈጣጣሪ ዓይን ይሻል።

በዚህ ነገር የእኛ አገር ሰው ምሳሌ የሚሆን ሥራ አለው። ከመዘዞ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ የሚገኘውን የጓሳን ምድር የመንዝ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ አባቶች አለቃ እየመረጡ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በተወሰነ ጊዜ ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ በደንብ እንዲታጨድ ያደርጉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ቢናጋም፣ በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጅባራው መካከል የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል፤ ለጎብኚም የማኅበረሰቡ የሆነ ማረፊያ ቤት ተሠርቶበታል። በዚያ የእብነ በረድ ወለል ወይም የመዋኛ ገንዳ አይገኝም፤ ነገር ግን እንግዳው የሚያርፍበት ምድር ባለቤት አስተናጋጁ ራሱ ነው፤ እንግዳው የከፈለውም ለዚያው ምድር ጥበቃ ይሆናል። በአንጻሩ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከመዘዞ ገደል እየተቈፈረ የሚወጣው ኦፓል ዋጋውን የሚያገኘው በሩቅ አገር ተስሎ በጌጥ ሱቅ ከተቀመጠ በኋላ ነውና፣ የምድሩ ጸጋ ባለቤቱን ሳይጠቅም ሲሄድ ምን እንደሚመስል የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ሐይቆቻችን የጓሳን መንገድ እንዲከተሉ የምሻው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችንን የምጠይቀው ግልጽ ነው። በሐይቅ ዳር ቦታ በሊዝ ሲሰጥ ለእግረኛ የሚተው መተላለፊያና ለነዋሪው የውሃ መግቢያ በውሉ ይጻፍ፤ ጽፎ ዝም ማለት እንደማይበቃም የሊባኖስ ጠረፍ አስተምሮናልና በየጊዜው ይመርመር። የሪዞርት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ በሥራ ተቈጣጣሪዎች ይረጋገጥ፤ ባለ ንብረቶቹም እንግዳ በሚሳሳበት ወራት ሠራተኞቻቸው ከነቤተ ሰባቸው በዚያው ቤት እንግዳ ሆነው የሚያርፉበትን ቀን ቢወስኑ ክብራቸው ይጨምራል። ወደ ውጭ ለሥራ በሚሄዱ ዜጎቻችን ጉዳይ ከተቀባይ አገሮች ጋር ስንዋዋል ከደመወዙ እኩል የዕረፍት ቀናቸውና ከቤት ወጥተው የመመለስ ነጻነታቸው በፊደል ይስፈር። ለመዝናናት አቅም ያለህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በምታርፍበት ስፍራ አልጋህን ያነጠፈችው ልጅ ዕረፍቷን አግኝታ እንደ ሆነ የቤቱን ኃላፊ ጠይቅ፤ ባለ ንብረት ከሕግ ተቈጣጣሪ ይልቅ የሚከፍለውን እንግዳ ይሰማልና፣ ጥያቄህ ከመቶ መመሪያ የበለጠ ሥራ ይሠራል።