የረጋው ዘይትና የእናቴ ኪኒን

ፉሪ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የእኛ ቤት ኩሽና ውስጥ የሚያድር ነው የሚመስለኝ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት እናቴ ወጥ ለመሥራት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የዘይቱን ጀሪካን ምድጃው ዳር አስጠግቶ መጠበቅ ነበር። ካልሞቀ አይቀዳማ! ነጣ ብሎ፣ እንደ ቅቤ ቆሞ ነው የሚያድረው። በሰፈራችን “ፓልም” ብሎ የሚጠራው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው “የረጋ ዘይት” ነው።

ስለዚህ ዘይት ቡና ላይ የማይባል ነገር የለም። “እዚህ ጀሪካን ውስጥ እንዲህ ከረጋ፣ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ምን ሊሆን ነው?” ይባላል። ለደም ብዛቱም፣ ለስኳሩም፣ ለልብ ሕመሙም ተጠያቂው እሱ ነው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ካወጣ በኋላ ይኸው ዘይት በሸማቾች ሱቅ በኩል ለዓመታት ሲከፋፈል፣ ሰው ተሰልፎ ይወስደው ነበር፤ ሰልፉ ላይ ቆሞም ያማው ነበር። እኔ በዚህ ጽሑፍ ዘይቱን ልከሰውም ልከላከልለትም አልተነሳሁም። የተነሳሁት በቤታችን የሆነውን ለመንገርና፣ በዚያው አጋጣሚ በእኛ በዚህ ዲፓርትመንት ልጆች ላይ ያለኝን ቅሬታ ለማውጣት ነው። ቅሬታው ከራሴ ይጀምራል።

እናቴ ደም ብዛት እንዳለባት የታወቀው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። 165 በ100 ነበር። አምሎዲፒን የሚባል ኪኒን ታዘዘላት፤ 5 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። በሥነ ሥርዓት ትውጥ ነበር፤ ደሟም ወርዶ ነበር። አምና ኅዳር ላይ ግን አንድ ቀን የረጋውን ዘይት ከነጀሪካኑ ለሰው ሰጥታ የኑግ ዘይት ይዛ ገባች። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። እሷ ግን ሒሳቧን ሠርታ ጨርሳለች። “የኪኒኑ ወጪ ይቀርልኝ የለ?” አለች። እንዴት ብዬ ብጠይቃት፣ “በሽታውን ያመጣው ዘይቱ ነው። ዘይቱን ተውኩት። ከዚህ ወዲያ ኪኒን ለምኔ?”

በሦስተኛው ቀን ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሄዳ ተለካች። 134 በ84! “አየህ ልጄ?” አለችኝ ወረቀቱን ዘርግታ። እንግዲህ እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሜታቦሊዝም ኮርስ ላይ ኤ አግኝቻለሁ። የኤልዲኤል ሪሴፕተርን ጉዞ ከነቀስቱ በቃሌ እሥላለሁ። ታዲያ ምን ብዬ መለስኩላት? “ጥሩ ነው እማዬ” አልኳት። በቃ። የማውቀው ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ተቆልፎ ተቀምጦ ነበር፤ ለፈተና ብቻ የሚከፈት ሣጥን ሆኖ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷን እየፈለጣት ስትለካ 172 በ106 ሆኖ ተገኘ።

ያን ቀን ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል።

መጀመሪያ ኪኒኑ። የደም ሥራችን ግድግዳ ውስጥ ለስላሳ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም በልዩ ቀዳዳዎች ወደ ሴሉ ሲገባ ነው። ካልሲየሙ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ እሱ ደግሞ ማዮሲንን የሚቀሰቅሰውን ኢንዛይም ያስነሳል፤ ጡንቻው ይጨመደዳል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ ግፊቱ ይጨምራል። አምሎዲፒን የሚያደርገው እነዚያን የካልሲየም ቀዳዳዎች መዝጋት ነው። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ብቻ ከደም እስኪጠፋ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። እናቴ በሦስተኛው ቀን ስትለካ ሲሶው ያህል ገና ደሟ ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር። ወረቀቱ ላይ የታየው 134 የኑግ ዘይቱ አልነበረም፤ የተወችው ኪኒን ነበር። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መውጣቱ ደግነቱ ነው፤ አንድ ቀን ቢረሳ ሰውየው አይጎዳም። እኛ ቤት ግን ያው ደግነቱ አታለለን።

ቀጥሎ ዘይቱ። ደም ሥር ውስጥ አይረጋም። የፓልም ዘይት በ35 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የሰው ሰውነት 37 ነው። ደግሞም ዘይት እንደ ዘይት ሆኖ ደም ውስጥ አይገባም፤ አንጀት ውስጥ ሐሞትና ሊፔዝ ይሰባብሩታል፤ ከዚያ እንደገና ተገጣጥሞ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። መርጋት ወንጀል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታሰረው ንጥር ቅቤ ነበር። እሱም ይረጋል፣ እሱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ ቅባት ነው። ግን ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጡ ውስጥ ሲገባ የሚያማው ሰው አላየሁም።

ነገር ግን ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። መንገዱን ሳተ እንጂ የደረሰበት ቦታ ቅርብ ነው። ከፓልም ዘይት ቅባት 44 በመቶ ገደማው ፓልሚቲክ አሲድ የሚባለው ነው። ሰው ይህንን አብዝቶ ሲበላ ጉበቱ ላይ ያሉት የኤልዲኤል ሪሴፕተሮች ይቀንሳሉ። ሪሴፕተር ማለት ጉበት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል የተሸከሙትን ቅንጣቶች የሚለቅምበት እጅ ነው በሉት። ይህንን እጅ ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። እጁ ሲያንስ ቅንጣቶቹ ደም ውስጥ ይቆያሉ። ሲቆዩ የደም ሥሩን ስስ ገበር አልፈው ግድግዳው ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ እዚያው ይበላሻሉ፤ ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱ ገብተው አብዝተው ይውጡና ጠግበው እዚያው ይቀራሉ። ይህ የወራት ሳይሆን የአሥርታት ሥራ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቧንቧ ውስጥ እንደተጋገረ ቅባት አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ፣ ላዩ በስስ ክዳን የተሸፈነ ቁስል ነው። አንድ ቀን ክዳኑ ሲቀደድ ደም እዚያ ላይ ይረጋል። ያን ጊዜ ነው ልብ የሚቆመው። የሚረጋው ደሙ ነው፣ ዘይቱ አይደለም።

ይህ የኤልዲኤል ነገር የፈረንጅ ተረት ነው የሚል ጓደኛ አለኝ፤ ዶርም ውስጥ ስንት ሌሊት ተከራክረናል። ለእሱ የምነግረው አንድ ነገር አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነው። ፒሲኤስኬ9 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሥራው የኤልዲኤል ሪሴፕተሮችን ማጥፋት ነው። ከጥናቱ ተሳታፊ ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶው ይህ ጂን በአንድ ወገን የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያንሳል። በ15 ዓመት ክትትል በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ለምን ይህን ያህል? ከተወለዱ ጀምሮ ዝቅ ብሎ ስለኖረ ነው። ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ ማመኑ ይሁን እንቅልፉ ይሁን አላውቅም።

እንግዲህ እናቴ ዘይቱን መቀየሯ ጥሩ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርጋል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾም ቤት ውስጥ ዋናው ቅባት የምግብ ዘይት ነውና ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ግን ያ ሁሉ የደም ሥሯ ግድግዳ ጉዳይ ነው፣ የረጅም ዓመት ሒሳብ ነው። ዛሬ ማታ ላለው 172 መልስ አይሆንም።

ለእሱ መልሱ ያለው ሌላ ዕቃ ውስጥ ነው። “ደም ብዛት” የሚለው ስም ራሱ ሳይንሱን በግማሽ ይዞታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጨው ስንበላ ኩላሊት ሶዲየሙን በሽንት ማስወጣት አለበት። አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ኩላሊቱ መጨረሻ ላይ ያሉትን የሶዲየም መግቢያዎች እያበዛ ከሽንቱ መልሶ ያስገባዋል። ሶዲየም ሲመለስ ውኃም ይከተለዋል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ደም በዛ፣ አይደለም እንዴ? የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረው፤ የቀን የጨው ፍጆታው በአማካይ 8.3 ግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ ጨው እንደ ፈረንጆቹ ከታሸገ ምግብ የመጣ አይደለም። ከሽሮው፣ ከበርበሬው፣ ከእናቶቻችን እጅ ነው። እናቴ ዘይቷን ስትቀይር ጨው ዕቃውን አልነካችውም። የነገራትም የለም፤ እኔን ጨምሮ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህን ከላይ የጻፍኩትን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የማላውቀው ነገር ኖሮበት አይደለም። በአማርኛ አስቤው ስለማላውቅ ነው። ከመምህሮቻችን አንዱን ሳማክር “ቃላቱ የሉማ፤ በምን ታስረዳለህ?” አሉኝ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልተስማማሁም። እናቴ ኮሌስትሮል ትላለች፣ ኢንሱሊን ትላለች፣ አምሎዲፒንንም ትንሽ አጣማ ትጠራዋለች። ሪሴፕተር የሚለውንም በአንድ ቀን ተቀብላዋለች። የጎደለን ስም አይደለም፣ ግስ ነው። ማን ማንን ምን አደረገው? በምን ቅደም ተከተል? በስንት ጊዜ? ይህችን የመጨረሻዋን በተለይ ፈተና ላይ የሚጠይቀን የለም። ቀስቱን ሥለን ነጥባችንን እናገኛለን፤ ቀስቱ ሦስት ቀን ይፍጅ ሠላሳ ዓመት ይፍጅ ደንታችን አይደለም። እናቴን ለአደጋ ያጋለጣት ግን ይኸው የጊዜ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ከሜታቦሊዝም ኮርስ 100 ነጥብ ውስጥ 5ቱ ብቻ ለዚህ ይሰጥ፤ ተማሪው አንድ መንገድ ይምረጥና ለግቢው ጥበቃ ወይም ለካፌ ሠራተኛ በቤቱ ቋንቋ ያስረዳ፤ ነጥቡን የሚሰጠው አድማጩ መልሶ ሲነግረው ይሁን። አማርኛ ብቻ ይሁን አላልኩም፤ ፉሪ ላይ ጎረቤቴ በኦሮምኛ ነው የሚያስረዳው፣ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል። “ለምርምር የሚሆን ጊዜ ይሻማል” የሚል ካለ፣ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ለመስክ ጉብኝት ከምናባክነው አይበልጥም።

ጥቅሙ ደግሞ ለአድማጩ ብቻ አይደለም። ለእናቴ ሳስረዳ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣብኝ፦ “ኮሌስትሮል መጥፎ ከሆነ ጉበቴ ራሱ ለምን ይሠራዋል?” ቆም አልኩ። ኮርሱን ስማር ኮሌስትሮል ለሴል ሽፋን፣ ለሐሞት፣ ለሆርሞን እንደሚያስፈልግ ተምሬያለሁ። ግን በሽታ የሚሆነው በመኖሩ ሳይሆን ተጭኖ በሚዞርበት ቅንጣት ብዛት መሆኑን በእውነት የገባኝ እሷ ስትጠይቀኝ ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፋችን ላይ ያለው መንገድ ሁሉ የእኛን ሰው አይገልጸውም። ዓይነት ሁለት ስኳር ስንማር የወፈረ ሰው፣ ቅባት የሞላው ጉበት፣ ኢንሱሊን የማይሰማ ጡንቻ ነው የምንሥለው። የጎንደሩን ጥናት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው ጆርናል ላይ፣ በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን፣ ቀጫጭንና ችግር ያጎሳቆላቸውን ሕሙማን ይዘው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህንን ዓይነት አምስት ብሎ ተቀበለው። ጥያቄው እኮ የተነሳው ከታካሚው ወንበር ፊት ነው! እኛ የምንማረው የፈረንጅ ስላይድ ላይ አምስተኛው ገና አልደረሰም።

እናቴ ኪኒኗን መዋጥ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው የተለካችው 138 በ86 ነበር። የኑግ ዘይቱን ገንዘብ ሲኖር እንገዛለን፤ ከሌለ ጀሪካኑ ተመልሶ ይመጣና ምድጃው ዳር ይቀመጣል። ጨዉን ግማሽ ለማድረግ ተስማምተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽሮውን ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠችና፣ “ይኼንን ደግሞ በየትኛው ቀስትህ ነው የምታጣፍጠው?” አለችኝ። መልስ ያላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ።