መሣሪያው ይፈጠር፣ ልኩ ግን ይታወቅ

ሞተር ሳይክሉን በገዛ ግቢው የሚጠግን ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል። የጋራዡ ባለሙያ «ያለ ልዩ መሣሪያ የነካኸው ሁሉ ነገ በእጥፍ ወጪ እኔው ዘንድ ይመጣል» ይለዋል። ሰፈሩ ደግሞ ያደንቀዋል። በካቻቪቴና በፒንሳ ብቻ ሞተር አውርዶ የሚገጥም ልጅ ከተገኘ «እጁ ወርቅ ነው» ይባላል፤ የገጠመው ሞተር ከስድስት ወር በኋላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሁለቱም የሚያዩት መሣሪያውን ነው። እኔ ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። መሣሪያ ከምላጭ፣ ከገመድ፣ ከአሮጌ ብረት ሊሠራ ይችላል። ልክ ግን ከራስ አይፈጠርም፤ ሞተሩን የሠራው መሐንዲስ ወስኖታል፣ ብረቱና ሙቀቱም ያስከብሩታል። ልኩን አውቆ በምላጭ የሚሠራ ሰው፣ ልኩን ሳያውቅ ሙሉ የመፍቻ ሣጥን ከታቀፈው ይበልጣል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። ቦክሰርና ቲቪኤስ የመሳሰሉት ትናንሽ ሞተሮች በብዙ ከተሞቻችን የቤተሰብ እንጀራ ናቸው። ለባለቤቱ አንድ ቀን ጋራዥ መዋል የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው። ስለዚህ ሰው በቤቱ መጠገኑን አይተውም፤ ይተው ማለትም ከንቱ ምክር ነው።

ቫልቮላን እንውሰድ። አንድ ሲሊንደር ባላቸው፣ በአየር በሚቀዘቅዙ ሞተሮች ላይ በቫልቮላው ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። እንደ ሞተሩ ይለያያል እንጂ በብዙዎቹ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው። ብረት ሲግል ስለሚረዝም ነው ክፍተቱ የተተወው። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ሞተሩ ከላይ ቲክ ቲክ ይላል፤ ሲጠብ ዝም ይላል። የሚሳሳተው ሰው የበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ እስኪጠፋ ያጠብቅና «አሁን ተስተካከለ» ይላል። ዝም ያለው ቫልቮላ ግን ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ካልተቀመጠ አይቀዘቅዝም፣ ካልቀዘቀዘ ጠርዙ ይቃጠላል። ጠዋት አልነሳ ማለቱ፣ ዳገት ላይ መድከሙ፣ በመጨረሻም ቴስታታ ማውረዱ ተከትለው ይመጣሉ። በልኩ ቲክ ቲክ የሚል ሞተር ጆሮ ቢረብሽም ዕድሜ አለው።

የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች ውድ አይደሉም፤ ችግሩ ሲፈለጉ አለመገኘታቸው ነው። በየሱቁ የማይጠፋው ባለ ሁለት ስለቱ የጢም ምላጭ ነው፣ ውፍረቱም 0.10 ሚሊሜትር ያህል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል። ካንዴላው ይወጣና በቀዳዳው ስትሮው ይገባል፤ ሞተሩ በእጅ በቀስታ ሲዞር ስትሮው ከፍ ብሎ ሊመለስ ሲል ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል። ሁለቱም የቫልቮላ ክንዶች በጣት ሲነኩ ላላ ማለታቸው ይረጋገጣል፤ ካልላሉ አንድ ዙር ቀርቷል። ከዚያ በፒንሳ ለሁለት የተሰበረው ምላጭ፣ ስለቱ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ በክፍተቱ ይገባል። ያዝ እያደረገ ከገባና ከወጣ ክፍተቱ 0.10 ነው። መመሪያው 0.05 ለሚለው ሞተርም ምላጩ የሚመሰክረው ነገር አለ፤ ከገባ ክፍተቱ ሰፍቷል። የቫልቮላው ማስተካከያ ዳዶ ሲጠብቅ ልኩን ስለሚያዛባ፣ ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት የግድ ነው። ብዙዎች የሚዘሏት እርምጃ ይህች ናት። ምላጩን መለኪያ ያደረገው ውፍረቱ መታወቁ ነው። ውፍረቱ ያልታወቀ የጣሳ ቁራጭ በዚያው ቦታ ቢገባ ቆርቆሮ ከመሆን አያልፍም።

ይህን መንገድ እስከ ጥግ የሄደበት ሰው ከኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ከኢንቨርካርጊል ነው። በርት ማንሮ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ነው። በ1920 ኢንዲያን ስካውት የተባለውን ሞተር ሳይክል ገዛ። ሞተሩ 600 ሲሲ ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት ከ88 ኪሎሜትር ብዙም አያልፍም ነበር። ማንሮ ቀን ሞተር ሳይክል እየሸጠ፣ ሌሊት በጋራዡ ያችኑ አንዲት ሞተር ሲያሻሽል ዕድሜውን ፈጀ። ፒስተኖቹን በአሮጌ ጣሳዎች ውስጥ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት አወጣ። ሲሊንደሮቹን ከአሮጌ የጋዝ ቧንቧ፣ ቢዬላዎቹን ከትራክተር አክሰል ሠራ። የጎን ቫልቮላ የነበረውን ሞተር የላይ ቫልቮላ አደረገው። ማይክሮሜትር በሌለበት የጎማ ራጂ መለኪያ አድርጎ ይጠቀም እንደነበርም በሰፊው ይነገርለታል። በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ 950 ሲሲ ያደረሳትን ያችኑ ሞተር አሜሪካ ዩታ ውስጥ ባለው የቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎሜትር በላይ ነዳት። ከ1,000 ሲሲ በታች ባለው ክፍል ክብረ ወሰን ሆነ። በ2005 አንቶኒ ሆፕኪንስ የተወነበት ፊልም ታሪኩን ለዓለም አደረሰው።

ስለ ማንሮ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ጣሳው ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን መደርደሪያው ነው። በጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰበሩ ፒስተኖችና ቢዬላዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ ነበረው፤ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መባዎች መሆናቸውንም በላዩ ጽፎበታል። ሰውየው የከሸፈውን አልጣለም፣ አልደበቀም። የትኛው ከየት እንደተሰበረ በየቀኑ ዓይኑ ሥር ነበር። በጣሳ የወጣ ፒስተን ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥለት የምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ የነበረው ስብራቱና የሰዓት ቆጣሪው ነው። ሰዓት ቆጣሪው ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። በ2014፣ ማንሮ ካረፈ ከ36 ዓመት በኋላ፣ ልጁ የ1967ቱ የአማካይ ስሌት ላይ ስህተት እንዳለ አስተዋለ፤ የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበርም ክብረ ወሰኑን በሰዓት ከ183.586 ማይል ወደ 184.087 ማይል አረመ። ግማሽ ማይል ብቻ ናት። ነገር ግን ከ47 ዓመት በኋላ ተመልሶ የተመረመረው ቁጥሩ እንጂ ጣሳው አይደለም።

የእኛ አገር ማሻሻያ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ቁጥርን የመመርመር ልማድ ነው። በጣም የተለመደውን ልጥቀስ። ሞተር ሲደክም የካርቡሬተሩን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን የናስ ፍሬ፣ በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ ማስፋት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ቤንዚን ብዙ ጉልበት ይሰጣል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠርዝ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ከአየሩ ቀድሞውንም ይበዛል። ሞተሩን ያደከመው የአየር ማነስ ነው፤ ሰውየው የሚጨምርለት ቤንዚን ነው። ጭማሪው ደግሞ ዓይን ከሚገምተው ይበልጣል። 1 ሚሊሜትር የነበረች ቀዳዳ 1.1 ብትሆን ስፋቷ በ21 በመቶ ያድጋል። ካንዴላው እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ፋሻውን ይበላል፣ የነዳጁ ወጪም በየቀኑ ይከፈላል። አንዴ የሰፋች ቀዳዳ አትጠብም።

ደገኛው በትክክል አስቦ ትንሽ ጂግለር ቢገጥም እንኳ ልኩን መጻፍ አለበት። ለደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ የተስተካከለ ሞተር ሰመራ ወይም ጋምቤላ ወርዶ ሲሠራ ወፍራም አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑ ያንሰውና ይግላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ከበረታም ፒስተን ይቀልጣል። የጂግለሩ ቁጥር በላዩ ተቀርጿል። አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። ማርሚታውን መቁረጥ ላይ ብዙ አልልም፤ የሚጨምረው ጩኸት ነው፣ ጎረቤትም እንቅልፍ ያጣል።

ስለ ማጥበቅ ግን መናገር አለብኝ፣ የሚበላሸው ሞተር እዚያ ስለሚበዛ። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት ነው። «በደንብ ጠበቅ አድርገው» ሲባል የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካው ቁልፍ ውድ ነው፤ ዕቃ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ግን በየቤቱ ይገኛል። ሚዛኑ ከብሎኑ መሐል 20 ሳንቲሜትር ርቆ በቁልፉ እጀታ ላይ ይታሰርና ከእጀታው ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይጎተታል። 5 ኪሎ ሲያሳይ ብሎኑ ላይ የደረሰው 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ለአንድ ተራ 6 ሚሊሜትር ብሎን የተለመደው ልክ ነው። 10 ኪሎ ሲያሳይ 20 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አንዴ በሚዛን ያጠበቀ ሰው ስንት ጊዜ ከልክ በላይ ሲያጠብቅ እንደኖረ እጁ ይነግረዋል።

የቮላኖውን ዳዶ ለመፍታት ሞተሩ እንዳይዞር መያዝ ያስፈልጋል። በመዶሻና በካቻቪቴ ጫፍ ከመቀጥቀጥ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የናይሎን ገመድ አስገብቶ ፒስተኑን በገመዱ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ገመዱ መግባት ያለበት ሁለቱም ቫልቮላዎች በተዘጉበት ዙር ነው፣ ጫፉም ውጭ ይቅር። ለፍሪሲዮኑ መያዣ ደግሞ ውዳቂ ብረት የሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ጥሩ አስተማሪ ነው። ሁለት ያረጁ የፍሪሲዮን ሳህኖች ከብረት ዘንግ ጋር ሲበየዱ ጥርሶቻቸው ከሞተሩ ጋር በትክክል ይገጥማሉ፤ ያንኑ ሞተር እንዲገጥሙ ፋብሪካ ቀርጿቸዋልና። ውዳቂው ብረት የተሸከመው የፋብሪካውን ልክ ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ፍሬን። በሽቦ የተቀጠለ የፍሬን ገመድ፣ በፍሬን ዘይት ምትክ የተጨመረ የሞተር ዘይት፣ ሲያልቅ በቆርቆሮ ወፈር የተደረገ ሸራ፣ አንዱም መሞከር የለበትም። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣል፣ ፍሬኑም ይዞ ሊቀር ወይም ሊከዳ ይችላል። ሌላው ሥራ ሲከሽፍ ሞተሩ ይቆማል። ፍሬን ሲከሽፍ ሞተሩ አይቆምም፤ ዋጋውን የሚከፍለው መንገዱን የሚያቋርጠው ሰው ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በሙከራው አልተስማማም።

ከፍሬን ቀጥሎ የሚያሰጋኝ የኋላ ጭነት ማስረዘሚያው ነው። ከኋላ ጎማው መሐል 40 ሳንቲሜትር አልፎ 60 ኪሎ የተጫነበት ሞተር፣ የጎማዎቹ ርቀት 1.25 ሜትር ከሆነ፣ ከፊት ጎማው ላይ 19 ኪሎ ያህል ያነሳል። አሽከርካሪው መሪው ቀለለኝ ይላል። የቀለለው በፍሬን ጊዜ መሬት መያዝ ያለበት ጎማ ነው። ያው ብየዳ፣ ያው ብረት ጭነቱን ከአክሰሉ ፊት ቢያመጣው ሞተሩ በብዙ በተሻለው ነበር።

ስለዚህ በየሰፈሩ የጎደለው መሣሪያ ነው ብዬ አላምንም፤ መሣሪያውን ልጆቹ ይሠሩታል። የጎደለው ቁጥሩ ነው። የቫልቮላ ክፍተት ለመግቢያና ለመውጫ፣ የካንዴላ ክፍተት፣ የካቴና መላላት ልክ፣ የጎማ ንፋስ ለብቻና ከጭነት ጋር፣ የዘይት መጠንና ዓይነት፣ የዋና ዋና ብሎኖች የማጥበቂያ ልክ፣ የጂግለር ቁጥር። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ አይሞላም። ሞተር የሚሸጥ ሁሉ ይህን ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች አትሞ ከቁልፉ ጋር መስጠት አለበት፤ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ከመንገድ ምልክቶቹ እኩል ሊያስተምሩት ይገባል። እስከዚያው ሞተር ያለው ሰው የራሱን ሞተር ቁጥሮች ከመመሪያው ይፈልግ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ካለው ያስነብብ፣ በማይለቅ ቀለምም ይጻፋቸው። የጎን ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ለዚህ ይበቃል።