ማማለያው እኛ ነን

በአሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች አንድ ብልሃት አላቸው። ከፕላስቲክ የተሠራ የአጋዘን ምስል ከጫካው ዳር ያቆማሉ፤ የእንስሳውን ድምፅ በሚያስመስል ፊሽካ ይጣራሉ፤ የዋሁ አውሬ ጓደኛ ወይም ባላንጣ ያገኘ መስሎት ብቅ ሲል ከተደበቁበት ይተኩሱበታል። ምስሉን ማማለያ እንበለው። ይህ ስፖርት ነው ወይስ ክህደት የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። የእኔ ጠብ ከወገኖቼ ጋር ነው። በስሜን ተራሮች ለዋልያ የቆመው ማማለያ ፕላስቲክ አይደለምና። በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም አይገኝም። ቀንዱ ለመጠጫ ዋንጫ፣ ሥጋው ለምግብ ሲባል ሲታደን ኖሮ፣ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም የተረፈው ከጥቂት መቶ አይበልጥም ነበር። ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፤ አስጎብኚና ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ በሳንቃ በር አድርጎ ጨነቅ ይደርሳል። ዋልያውም ከዓመት ዓመት አንድ ትምህርት ተማረ፤ ሰው አይገድልም፣ ጠመንጃም አይጮህም። ጨነቅ ላይ ከሰው ጥቂት እርምጃ ርቆ ሣሩን ይግጣል። እኛም ይህንን «ለማዳ ሆነ» ብለን ለፈረንጅ አወራንለት፤ ፎቶግራፉንም ሸጥን።

እንስሳው ግን የስካውቱን ጠመንጃ ከአዳኙ ጠመንጃ የሚለይበት መላ የለውም። ፍርሃቱን ስንወስድበት በምትኩ የሰጠነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥበቃችን። ጥበቃው የላላ ዕለት ያላመድነው እጅ የማማለያውን ሥራ ይሠራል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ጥበቃው ደግሞ ላልቷል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት በአማራ ክልል ተቀጣጠለ። ጎብኚው ቀረ፤ ጠመንጃው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ቆጠራ 865 የነበረው ዋልያ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲቆጠር 306 ብቻ ተገኘ።

«ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንተ ስለ ፍየል ታለቅሳለህ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለኝ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች የአባቶቻቸውን ርስት ለቀው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ የተደረጉት ለፓርኩና ለዋልያው ሲባል ነው። በዓመቱ ስሜን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ፤ አጨበጨብን። ዛሬ ዋልያው ካለቀ ለእነዚያ አባወራዎች ምን ብለን ልንነግራቸው ነው? መሬታችሁንም ወሰድን፣ የወሰድንበትንም ምክንያት በላነው እንበላቸው? በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩስ ምን ይብሉ? ስለ ዋልያው መናገር ስለ ሰው ዝም ማለት አይደለም።

ስለ ጀግንነት የሚያወራ ካለም ይስማ። በአገራችን አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ ይፎክር ነበር፤ ተመልሶ ሊገድለው የሚችል አውሬ ገጥሟልና። አምኖት የቆመን እንስሳ በጥይት የጣለ በየትኛው አፉ ይፎክራል?

እኔ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የስካውቱ ደመወዝ ከጎብኚ መምጣትና መቅረት ጋር አይታሰር፤ ዋልያው ጠባቂ የሚያስፈልገው ይበልጡን ጎብኚ ሲጠፋ ነው። ሁለተኛ፣ ተኳሹ ብቻ ሳይሆን ሥጋውን ገዝቶ የሚበላውም ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ዋልያን ለቢራ ስም ያደረገም ሆነ በማልያው የሚኮራበት ለስሙ ኪራይ ይክፈል፤ ገንዘቡም ለጠባቂዎቹ ይድረስ።

በአሜሪካ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ማማለያውን ገልብጠው ይጠቀሙበታል፤ በርቀት የሚንቀሳቀስ ምስል መንገድ ዳር አቁመው ሕገ ወጡን አዳኝ ያጠምዱበታል። ያንን ያህል አቅም የለንም ካልን፣ ቢያንስ ማንም ጎብኚ ዋልያን እንዳይጠጋ እንከልክል። ልንጠብቀው ካልቻልን እንዲፈራን የመተው ዕዳ አለብን።